መሃሉን መለካት፦ ሴቶችና የአመራር ወንበር በመሥሪያ ቤቶቻችን



አንድ የገጠር ጤና ኬላ ብትገቡ ተቀብላ የምታስተናግዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ፣ እነሱም ሴቶች እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ከዚያው ከአካባቢው የተመለመሉ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ነው። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ምጣኔው፣ የወባ ምርመራው፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉ፣ መጸዳጃ ቤት የማስቆፈሩ ሥራ ሳይቀር በእነሱ እጅ ያልፋል። ኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የምዕተ ዓመት ግብ ከቀነ ገደቡ ቀድማ ስታሳካ፣ ከዚያ ውጤት ጀርባ እነዚህ ሴቶች በእግራቸው የዞሩት ደጃፍ ሁሉ አለ።

አሁን ወደ ላይ ቀና በሉ። በ2012 ዓ.ም. ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር መቅደስ ዳባ ተኳቸው። ታች ሴት፣ ላይም ሴት። ታዲያ ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው?

እስቲ መሃሉን እንይ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የዞኑ ጤና መምሪያ ኃላፊ፣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሪፖርት የሚቀበል፣ ሥራዋን የሚገመግም፣ ዝውውሯን የሚፈርም፣ ለትምህርት የሚልካት ሰው የተቀመጠው እዚህ መሃል ላይ ነው። በጤናው ዘርፍ የግምገማ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ከፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ኋላ እነማን እንደሚደረደሩ፣ አዳራሹን የሚሞሉት ደግሞ እነማን እንደሆኑ በዓይኑ ያየው ነው። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ በጤናና በማኅበራዊ እንክብካቤ ከተሰማሩት ሠራተኞች 70 በመቶ ገደማ ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛ የኃላፊነት ቦታ ላይ ያለው ድርሻቸው ግን 25 በመቶ አካባቢ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ መሃል ነው። መሥሪያ ቤቶች በሴቶች አመራር ረገድ ራሳቸውን እንመርምር ሲሉ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ላይኛውን ወንበር ነው። እኔ የምለው መቆጠር ያለበት መሃሉ ነው፤ ከመሃሉም በተለይ ማስታወቂያ የማይወጣበት፣ ውድድር የሌለበት፣ «ለጊዜው ሸፍንልን» ተብሎ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቀው ነገር ነው።

ላይኛው ወንበር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጥቅምት 2011 ዓ.ም.ን ሁላችንም እናስታውሳለን። 20 አባላት ያሉት ካቢኔ ሲሰየም ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ፤ አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስቴርን፣ ሙፈሪያት ካሚል የሰላም ሚኒስቴርን ያዙ። በዚያው ወር ሳህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በኅዳር ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድን መምራት ጀመሩ። ያን ሰሞን ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ የምትመለከት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያየችውን ነገር ማንም ሊወስድባት አይችልም። በዚያ ወር ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሆኖም ሹመት በአንድ ጠዋት ይሰጣል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላም ይነሣል። ከተሿሚዋ በታች ያሉት ዳይሬክተሮችና ቡድን መሪዎች የሚገኙት ግን በዓመታት ውስጥ ነው፤ ማን ሠለጠነ፣ ማን ተወከለ፣ ማን ታየ በሚለው ጥቃቅን ውሳኔ። እነሱን ያላፈራ መሥሪያ ቤት ሴት ሚኒስትር ብትመጣለትም ባትመጣለትም አሠራሩ ያው ነው።

መለካት ለምን አስፈለገ ለሚለው ከሌላ አገር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ረዘም አድርጌ የምናገረው ስለዚህ ጉዳይ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ እሱ ስለሆነ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም አይ ቲ በሚባለው፣ ናንሲ ሆፕኪንስ የምትባል የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርምሯን ወደ ዜብራ ዓሣ አዛወረችና ለዓሣ ገንዳዎቿ ጥቂት ተጨማሪ ክፍል ጠየቀች፤ ወደ 18 ካሬ ሜትር የሚሆን። አልተሰጣትም። ከእሷ በኋላ የመጡ ወንድ ባልደረቦቿ ሳይቀሩ ከእሷ የሰፋ ላቦራቶሪ እንዳላቸው ብትናገር የሚያምናት አላገኘችም። ስለዚህ ሜትር ይዛ፣ ሰው በሌለበት በማታ፣ የሕንፃውን ላቦራቶሪዎች አንድ በአንድ ለካች። ልኬቱ ያለችውን አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ያስገርማል። ሆፕኪንስ ነገሩ በእሷ ላይ ብቻ የደረሰ መስሏት ነበር። ለአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስትነግራት ግን ያቺም ስለ ራሷ ተመሳሳይ ነገር ታስብ እንደነበር ነገረቻት። ሁለቱ ተያይዘው ሌሎቹን ጠየቁ። በሳይንስ ፋኩልቲው ቋሚ ሹመት ያላቸው ሴቶች ከ20 የማይሞሉ ሲሆን፣ ወንዶቹ ወደ 200 ይጠጉ ነበር። ከሴቶቹ ከአንዷ በስተቀር ሁሉም እ.ኤ.አ. በ1994 ለዲኑ ለሮበርት በርጀኖ በቀረበው ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። ዲኑ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ደመወዝን፣ የላቦራቶሪ ስፋትን፣ የምርምር ገንዘብን፣ ሽልማትን፣ በወሳኝ ኮሚቴዎች ውስጥ መመደብን መረመረ። አጭር ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲታተም የተቋሙ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቬስት ግኝቱን በይፋ ተቀበለ። ይህ ያልተለመደ ነበር፤ ብዙ ተቋም እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስገባው።

ከዚያ ሪፖርት አንድ ግኝት ከአእምሮዬ አይወጣም። ወጣት ሴት መምህራን ሲጠየቁ በደል አለብን አላሉም። የተገፉ መሆናቸውን የተናገሩት አንጋፋዎቹ ናቸው፤ እነሱም ወጣት በነበሩበት ጊዜ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላቸው ነበር። እያንዳንዱ ልዩነት ለብቻው ሲታይ ኢምንት ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮሚቴ፣ አንድ የደመወዝ እርከን። የሚከብደው ሲጠራቀም ነው። ሲጠራቀም ደግሞ ሃያ ዓመት አልፎ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት «ሴት ሠራተኞቻችንን በመጠይቅ ጠይቀናል፣ ችግር የለም ብለዋል» ሲለኝ አልረካም። መጠይቁ ይሞላ፤ ሰው የሚሰማውን መጠየቅ ክብር ነው። ግን ሜትሩም ይውጣ።

ሜትሩ በእኛ መሥሪያ ቤት ምን ይመስላል? ለማስረዳት ያህል አንድ መሥሪያ ቤት በሐሳባችን እናቋቁም። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ የማንም ቢሮ አይደሉም። 120 ባለሙያዎች አሉት፤ 60ዎቹ ሴቶች። 40 ቡድን መሪዎች አሉት፤ 14ቱ ሴቶች። 12 ዳይሬክተሮች አሉት፤ ሁለቱ ሴቶች። ከ50 በመቶ ወደ 35፣ ከ35 ወደ 17 ወረደ ማለት ነው። ብዙዎቹ ምርመራዎች እዚህ ላይ ያበቃሉ። ሪፖርቱ «የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው» ይላል፣ «የአቅም ግንባታ ሥልጠና ይሰጥ» ይላል፣ ሥልጠናውም ይሰጣል፤ ሴቶቹ የምስክር ወረቀት ይዘው ወደዚያው ጠረጴዛቸው ይመለሳሉ።

እኛ ግን እንቀጥል። ባለፉት ሦስት ዓመታት በቡድን መሪነት ላይ የወጡትን ማስታወቂያዎች እንሰብስብ። 90 ወንዶችና 30 ሴቶች አመልክተዋል እንበል። ከወንዶቹ 20፣ ከሴቶቹ 7 አልፈዋል። ከመቶ ሲሰላ የወንዶቹ 22፣ የሴቶቹ 23 ነው። እንግዲህ መራጩ ኮሚቴ ሴቶቹን አልበደለም። ኮሚቴውን ሰብስቦ ስለ አድልዎ ማስተማር እዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጊዜ ማጥፋት ይሆናል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ባለሙያዎቹ እኩል ለእኩል ሆነው ሳለ አመልካቾቹ ለምን ሦስት ለአንድ ሆኑ?

«ሴቶች አይደፍሩም» የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቁሙ። ማስታወቂያውን አንብቡት። «በኃላፊነት ላይ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። ቡድን መሪ ሆኖ የማያውቅ ሰው የኃላፊነት ልምድ ከየት ያመጣል? ከተጠባባቂነት። ዳይሬክተሩ ለሥልጠና ሲሄድ፣ ቡድን መሪው ሲዛወር፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን፣ «በጊዜያዊነት እንዲሸፍኑ ተወክለዋል» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል። ማስታወቂያ የለውም። መስፈርት የለውም። ኃላፊው ቅርቡ ያለውን፣ አምሽቶ የሚቆየውን፣ ሻይ አብሮት የሚጠጣውን ሰው ስም ይጠራል። ክፋት አይደለም፤ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያምነው። ግን ያ ለስድስት ወር የተባለ ውክልና ሁለት ዓመት ይሆናል፣ ሁለት ዓመቱ የሥራ ልምድ ይሆናል፣ የሥራ ልምዱ መስፈርት ይሆናል። ቋሚ ቦታው ማስታወቂያ ሲወጣበት ውድድሩ አልቆ ነው።

ስለዚህ የምትመረምሩት መሥሪያ ቤት አንድ ሰነድ ብቻ ልስጣችሁ ቢላችሁ የአምስት ዓመት የውክልና ደብዳቤዎችን ጠይቁ። መዝገብ ቤት ውስጥ አሉ፤ ቀንና ፊርማ አላቸው። ውሃ ምንጩ ላይ ሞልቶ ማሳው ላይ ሳይደርስ ሲቀር ገበሬ ምንጩን አይቆፍርም፤ ቦዩን ተከትሎ ውሃው የሚሰርግበትን ቦታ ይፈልጋል። የእኛ ቦይ ያለው በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው።

ከውክልናው ቀጥሎ የማየው መስክና አበል ነው። የመስክ ጉዞ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ክልል ያሉትን ኃላፊዎች የሚያስተዋውቅ፣ ስምን ከፍ የሚያደርግ ሥራ ነው። ማን ስንት ቀን እንደወጣ ፋይናንስ ክፍል የተወራረደ ሰነድ አለው። ሴቶቹ ጥቂት ከሆኑ አልፈለጉም ወይስ አልተጠየቁም? «ልጆች ስላሏት አንልካትም» የሚል አሳቢ የሚመስል ውሳኔ ብዙ ጊዜ እሷ ሳትሰማ ነው የሚወሰነው። ጠይቋት። እምቢ ማለትም መሄድም የእሷ ይሁን።

የውጭ አገርና የአጭር ጊዜ ሥልጠና እጩዎችም እንደዚሁ ይቆጠሩ። የማኔጅመንት ቃለ ጉባኤዎችም ይነበቡ፤ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ስሙ የሚሰፍርባቸው ከሆኑ የሴቶቹ ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ፣ ቃለ ጉባኤውንስ ሁልጊዜ የምትይዘው ማን እንደሆነች ታያላችሁ። የምትጽፍ ሰው እምብዛም አትናገርም።

ደመወዝ ላይ ብዙ አልቆይም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረጃውና እርከኑ የታወቀ ስለሆነ ልዩነቱ የሚደበቀው በደረጃ ምደባውና በጥቅማ ጥቅሙ ነው። በግልና መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ግን ደመወዝ በድርድር ስለሚወሰን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ በሙሉ መታየት አለበት። ይህን የማያሳይ ድርጅት ለመመርመር ፈቃደኛ አይደለም፤ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የወሊድ ጉዳይ ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። የእናቲቱ ፈቃድ በትግል የተገኘ ነው፤ ሊነካ አይገባም። ነገር ግን 120ና ሦስትን ጎን ለጎን ያየ አሠሪ ልጅ የማሳደጉ ወጪ የሴት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ያስባል፤ አባትየውም በቤቱ እንደሚያስፈልግ አሠሪው አይታየውም። ከዚህ ሌላ አንድ የማይታይ ጉዳት አለ። የሥራ አፈጻጸም ምዘና በዓመት ሁለት ጊዜ በሚሞላበት መሥሪያ ቤት 120 የሥራ ቀን ወደ አንድ ሙሉ የምዘና ጊዜ ይጠጋል። ለዚያ ጊዜ ምን ይሞላላታል? አንዳንዱ ባዶ ይተወዋል፣ አንዳንዱ «መካከለኛ» ብሎ ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእድገት ስትወዳደር ያ መካከለኛ ውጤት ይደመርባታል። ሕጉ ሰጣት፣ ቅጹ ነጠቃት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከወሊድ በፊት የነበራት የመጨረሻ ውጤት ይያዝላት ተብሎ በመመሪያ ይጻፍ። ይህን ማድረግ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ በላይ አይጠይቅም፤ ችግሩ ግን ካልለካችሁት በስተቀር መኖሩን ማንም አይነግራችሁም።

አንድ ከባድ ነገርም አለ። ጾታዊ ትንኮሳ። አዋጁ ይከለክላል፤ የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅም መብት ይሰጣታል። በብዙ ምርመራ ላይ «የቀረበ አቤቱታ የለም» የሚል መስመር አያለሁ፤ እንደ መልካም ዜናም ይነበባል። አቤቱታ የሚቀርበው ለማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለቅርብ አለቃ ከሆነ፣ አለቃውም ራሱ የሚከሰሰው ሰው ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ያ ዜሮ የፍርሃት ቁጥር ነው። ሥራ የለቀቁ ሴቶችን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የለቀቀ ሰው የሚፈራው የለውም፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉት የማይናገሩትን እነሱ ይናገራሉ። ይህን ስታደርጉ ስም አትጻፉ፣ ጥቂት ሴቶች ባሉበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ሴትየዋን እንዳያሳውቅ ክፍሎቹን አጣምሩ።

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ ልምጣ። «ብቃትስ?» የሚለው ጥያቄ በየመድረኩ ይነሣል፤ አንዳንዱ ለመከላከል ያነሣዋል፣ ብዙው ግን ከልቡ ነው። እኔም ከልቤ እመልሳለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የወረሱትን የበታችነትና የልዩነት ውርስ ለማቃናት በድጋፍ እርምጃ የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ ኮታ በሕግ ያልተመሠረተ ችሮታ አይደለም። ግን ብቃት የሚባለው ነገር ራሱ ካልተለካ ወሬ ነው። በ2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ችላለች አልቻለችም የሚል ክርክር ቦታ አልነበረውም፤ ካፒቴን ለመሆን የሚጠየቀው የበረራ ሰዓትና ፈተና አስቀድሞ የተጻፈ ነው፣ ሰዓቱም ይቆጠራል። ከቢሮ አመራርነት ጋር አወዳድሩት። «ጠንካራ ነው»፣ «ሰው ማስተባበር ይችላል»፣ «ለመድረክ ይሆናል» በሚባሉ ቃላት ነው የምንመርጠው። ሴቶች ብቃትን አይፈሩም። የሚጎዳቸው ስማቸው ከታወቀ በኋላ የሚሠራ መስፈርት ነው። መስፈርቱ እጩዎቹ ሳይታወቁ በፊት ይጻፍ፣ ነጥብ ይሰጠው፣ ከዚያ በኋላ አይነካ። እንዲህ ሲደረግ የተጠቀሙ ወንዶችም አሉ፤ አለቃ የማያውቃቸው፣ ሻይ ቤት የማይገኙ።

ኮታ ብቻውን ምን ይሠራል ምን አይሠራም ለሚለው የሁለት አገሮችን ልምድ ላንሣ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ አክሲዮናቸው ለሕዝብ የሚሸጥ ትልልቅ ኩባንያዎች የቦርድ አባላት ቢያንስ 40 በመቶ ሴቶች እንዲሆኑ አስገደደች፤ ያላሟላ ኩባንያ እስከ መፍረስ የሚደርስ ቅጣት ነበረው። ሕጉ ሲወጣ ከአሥር በመቶ በታች የነበረው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2008 40 በመቶ ደረሰ። ቦርድ የገቡት ሴቶች ብቁ ነበሩ። ቆየት ብለው የተደረጉ ጥናቶች ግን በእነዚያ ኩባንያዎች ውስጥ ከቦርዱ በታች ለሚሠሩ ሴቶች ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። ላይኛው ወንበር ሞላ፣ መሃሉ እንደነበረ ቀረ።

በሕንድ የሆነው ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከመንደር ምክር ቤት የሊቀመንበርነት ቦታዎች አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ተጠበቀ፤ ቦታዎቹ በየምርጫው ከመንደር ወደ መንደር ይዞራሉ። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤስተር ዱፍሎ ባደረጉት ጥናት፣ በሴት በሚመሩት መንደሮች በጀቱ ሴቶች ወደሚጠይቁት፣ በተለይ ወደ መጠጥ ውሃ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሁለት የምርጫ ዘመን በተከታታይ በሴት የተመሩ መንደሮች ውስጥ ወላጆች ለሴት ልጃቸውና ለወንድ ልጃቸው ባላቸው ተስፋ መካከል የነበረው ልዩነት መጥበቡን አሳየ። ልብ በሉ፤ ሁለት ዘመን ነው። አንድ ዘመን አልበቃም። እነዚያ ሴቶች የተቀመጡት ደግሞ ሕዝብ በየቀኑ በሚያገኘው፣ ውሃና መንገድ በሚወሰንበት ቦታ ነው፤ ከሰው ዓይን በራቀ የቦርድ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ከሁለቱ አገሮች የምወስደው ይህን ነው፤ ኮታ ይኑር፣ ግን በመሃሉ ይኑር፣ ጊዜም ይሰጠው።

ወደ ጤና ኬላዋ ሴት ልመለስና በዚህ መነጽር እንያት። ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 የማሻሻያ ትምህርት ተከፍቶላታል። መልካም ነው። የሚመረምራት መሥሪያ ቤት ግን ትምህርቱ መኖሩን ጽፎ ማለፍ የለበትም። ከአምስት ዓመት በፊት ደረጃ 4 ከጨረሱት ስንቶቹ ዛሬም እዚያው ጤና ኬላ ላይ ናቸው? ስንቶቹ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገቡ? የወረዳው ኃላፊነት የሚጠይቀው ዲግሪ ከሆነ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሕዝብን ያገለገለች ሴት ልምዷ በምን ይያዝላታል? የትምህርት እድሉ ከተማ ሄዶ ወራት መቀመጥን የሚጠይቅ ከሆነስ ልጆቿን ለማን ትታ ትሄዳለች? እነዚህን ጥያቄዎች የወረዳው የሰው ሀብት ባለሙያ ከመዝገቡ ተነሥቶ ሊመልሳቸው ይችላል። ያልመለሳቸው ስላልተጠየቀ ነው።

ምርመራውን ማን ይሥራው? ብዙ ጊዜ ለሴቶች ጉዳይ ዳይሬክቶሬት ይጣላል። በዚያ ክፍል ያሉትን እህቶች አከብራቸዋለሁ፤ ሠራተኛና በጀት ሳይኖራቸው የመሥሪያ ቤቱን ኅሊና እንዲሸከሙ ይደረጋሉ። ነገር ግን የውክልና ደብዳቤ የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው፣ የመክፈያ ዝርዝሩን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የበላይ ኃላፊው ራሱ ይምራው፤ የሰው ሀብትና ፋይናንስ ኃላፊዎች መረጃውን በጽሑፍ የማቅረብ ግዴታ ይኑርባቸው፤ የሴቶች ጉዳይ ክፍል ጥያቄ ያንሣ፣ ያርም፣ ይመስክር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት «አሳታፊ የሥርዓተ ፆታ ኦዲት» በሚለው አሠራሩ ሠራተኞች ራሳቸው የመሥሪያ ቤታቸውን ሰነድ አንብበው እንዲወያዩ ያደርጋል። ይህን እደግፋለሁ። ከውጭ የመጣ አማካሪ ያዘጋጀው ጥራዝ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የራሳቸውን ቃለ ጉባኤ ያነበቡ ሰዎች ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሳይወዱ በግድ ያስታውሱታል።

በየዐውደ ጥናቱ «ባህላችን ነው» በሚለው ላይ የሚባክነው ሰዓት ያሳዝነኛል። ሴትን የሚያሳንሱ ተረቶቻችን ተዘርዝረው ተሳታፊው አዝኖ ይለያያል። ባህል አለ፤ አልክድም። ያው ባህል እቴጌ ምንትዋብንና እቴጌ ጣይቱን አውቋል፤ ስንዱ ገብሩን መርጦ ፓርላማ ልኳል። ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ተረቱን ከሰው አፍ ማጥፋት አይችልም። የውክልና አሰጣጥ መመሪያውን ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ መቀየር ይችላል። የሚቻለውን ትቶ በማይቻለው ላይ የሚያዝን ኃላፊ፣ ቅን ቢሆንም፣ ሴቶቹን እያስጠበቃቸው ነው።

ምን ይሻሻል ለሚለው እንግዲህ አብዛኛውን በመንገድ ላይ ተናግሬዋለሁ። ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ውክልና ሁሉ በውስጥ ማስታወቂያ ይውጣ፣ በስድስት ወሩም ይዙር፤ ሁለት ሰው ልምድ ያገኛል። የማኔጅመንት ስብሰባ ከሥራ ሰዓት ውጭ አይጠራ። የሕፃናት ማቆያው ለጉብኝት ቀን የሚከፈት ክፍል ሳይሆን ሞግዚት ደመወዝ የሚከፈላት፣ ውሃ ያለው ክፍል ይሁን። የትንኮሳ አቤቱታ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ሊቀርብ የሚችልበት መንገድ ይኑር። ውጤቱም ለሠራተኛው ሁሉ በስብሰባ ይነበብ፤ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገው፣ እስከ መቼ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጊዜን በሚመለከት። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ምርመራ የሚያደርጉት የካቲት መጨረሻ ላይ፣ የሴቶች ቀን በሚከበርበት ሰሞን ነው፤ ሪፖርቱ ተጠርዞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ እቅዱ ጸድቋል፣ በጀቱ ተደልድሏል፣ የሕፃናት ማቆያው ሞግዚት የምትከፈልበት የበጀት ርእስ የለም። ምርመራው ጥር ላይ ይጀመር። የውክልና ደብዳቤዎቹ፣ የመስክ አበል ሰነዱና የምዘና ውጤቶቹ የካቲት ውስጥ ተሰብስበው፣ ውይይቱ መጋቢት ላይ ተደርጎ፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሚያዝያ ላይ በበጀት ጥያቄው ውስጥ በቁጥር ይግባ። በሚቀጥለው ጥር ደግሞ እነዚያው ሰነዶች፣ በዚያው ሰንጠረዥ፣ እንደገና ይቆጠሩ።